«ካሜራው የኔ ነው»

የሙሽራዋ እህት፦ ትናንት ፒያሳ አካባቢ አንድ ፎቶ ቤት ሄድን። ዋጋ ተስማምተን ቀብድ ልንከፍል ስንል ባለቤቱ ፕሮግራሙ ኒካህ መሆኑን ሰማ። «የእናንተን አላነሳም፣ ካሜራው የኔ ነው» አለን። እህቴ እያለቀሰች ወጣች። ይሄ በሕግ ይፈቀዳል?

ፎቶ አንሺው፦ እህቴ፣ አነጋገሩ ልክ አይደለም። ግን ካሜራው የሱ ነው። እኔም ያልፈለግኩትን ሥራ እመልሳለሁ። ማንም አስገድዶ አያሠራኝም።

የአራት ኪሎ ልጅ፦ ካሜራውስ ያንተ ነው። ንግድ ፈቃድ ያወጣኸው ግን ሕዝብ ልታገለግል ነው። ሥራ በዝቶብኛል ማለት ሌላ፣ በሃይማኖቱ ሰው መመለስ ሌላ። ሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 25 ላይ ሃይማኖትን በስም ጠርቶ አድልዎ ከልክሏል።

የሕግ ተማሪ፦ አንቀጽ 25 የግል ነጋዴን በቀጥታ ያስገድዳል ወይ? ጥያቄው እሱ ነው። አንቀጽ 13 መብቶቹን የማክበርና የማስከበር ግዴታ የጣለው በመንግሥት አካላት ላይ ነው።

የአራት ኪሎ ልጅ፦ አንቀጽ 9 ንዑስ 2ንም አንብበው እንጂ። «ማንኛውም ዜጋ» ብሎ ነው የሚጀምረው። ፎቶ አንሺ ዜጋ አይደለም?

ፎቶ አንሺው፦ ፎቶ ጥበብ ነው፣ ስኳር መሸጥ አይደለም። በፈረንጆቹ 2023 የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ለአንዲት የድረ ገጽ ዲዛይነር ፈርዶላታል። የማታምንበትን መልእክት እንድትሠራ አትገደድም ብሎ።

የሕግ ተማሪ፦ እዚያው አገር በፈረንጆቹ 2013 ላይ የኒው ሜክሲኮ ግዛት ጠቅላይ ፍርድ ቤት በፎቶ ቤት ላይ ፈርዷል። ለሕዝብ ክፍት ከሆንክ የግዛቱ የፀረ አድልዎ ሕግ ይመለከትሃል ነው ያለው። ለማንኛውም እኛን የሚገዛን የራሳችን ሕግ ነው።

የድሮ ፒያሳ፦ እኛ ልጆች ሆነን ለኢድም ለፋሲካም እዚያው ፎቶ ቤት ነበር የምንሰለፈው። ማን ሃይማኖት ጠይቆን ያውቃል? በ2016 ሰፈሩ ሲፈርስ ያ ሁሉ አብሮ ሄደ።

ፎቶ አንሺው፦ ጋሼ፣ የሰፈሩን መፍረስ እዚህ ምን አመጣው?

የአራት ኪሎ ልጅ፦ ተዋቸው ይናገሩ። አንተ «ካሜራው የኔ ነው» ትላለህ። የደንበኛ ፎቶ መስታወትህ ላይ ስትሰቅልስ? የፍትሐ ብሔር ሕጉ አንቀጽ 27 ከ1952 ጀምሮ ያለ ፈቃድ አይለጠፍም ይላል። ካሜራው ያንተ ሆኖም ሕግ ይገባበታል።

ፎቶ አንሺው፦ እኔ አስፈቅጄ ነው የምሰቅለው። ርዕስ አትቀይር።

የሙሽራዋ እህት፦ አንተ ብትሆን ታነሳን ነበር?

ፎቶ አንሺው፦ ቀኑ ክፍት ከሆነ አዎ፣ በደስታ። ምርጫው ግን የኔ መሆን አለበት።

የሙሽራዋ እህት፦ ምርጫ የምትለው እኮ እህቴን በር ላይ ያስለቀሳትን ነው።