ያለ ፈተና የተዛወረ ልጅ ወደ ክፍል ሲመለስ፦ ክለሳ ይቅደም ወይስ አዲሱ ትምህርት?

አስተባባሪ፦ በኮሮና ወረርሽኝ ምክንያት መጋቢት 7 ቀን 2012 ዓ.ም. የተዘጉት ትምህርት ቤቶች አዲስ አበባ ላይ ከጥቅምት 30 ቀን 2013 ዓ.ም. ጀምሮ ተከፍተዋል። ከ8ኛ እና ከ12ኛ ክፍል በስተቀር ተማሪው ያለ ፈተና ተዛውሯል። የመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ለክለሳና ለመላመድ ይዋሉ ወይስ ልጆቹ በቀጥታ የአዲሱን ክፍል ትምህርት ይጀምሩ?

አባት፣ ከሳሪስ፦ በቀጥታ ይጀምሩ እላለሁ። ዓመቱ ገና ከመነሻው ሁለት ወር ገደማ ጎድሎበታል። በዚያ ላይ በፈረቃ ስለሆነ ልጄ በሳምንት ሦስት ቀን ብቻ ነው ክፍል የሚገባው። ከዚህችው ላይ ደግሞ ለመላመጃ ከቀነስን መጽሐፉ ግማሽ ላይ ይቀራል። ትምህርት ቤቱ በቴሌግራም መልመጃ ሲልክ ከርሟል፤ እኔም ክፍያዬን አላቋረጥኩም፤ ልጄም ሠርቶ ልኳል። የተሠራ ሥራ ለምን እንደገና ይሠራል?

መምህርት፣ 2ኛ ክፍል፦ ወንድሜ፣ «ሠርቶ ልኳል» ያሉትን እኔም አምኜ ነበር ክፍል የገባሁት። ባለፈው ሳምንት ልጆቹን አንድ በአንድ ጠረጴዛዬ ድረስ እየጠራሁ አጭር አንቀጽ አስነበብኩ። በቴሌግራም አንድም መልስ ሳይሳሳት ሲልክ የነበረ ልጅ «ቤት» የሚለው ቃል ላይ ሲደርስ ቆመ። ጣቱን እያጠፈ «በ፣ ቡ፣ ቢ፣ ባ፣ ቤ» ብሎ ቆጥሮ ነው ፊደሉን ያገኘው። እስከ «ት» ሲደርስ ደግሞ መጀመሪያውን ረሳው። ልጁ ሰነፍ አይደለም። መጋቢት ላይ 1ኛ ክፍል ነበር፤ ፊደል ቆጥሮ ጨርሶ ወደ ንባብ ሊሻገር ሲል በሩ ተዘጋበት። በስልክ ይመጣ የነበረው ንጹሕ ጽሑፍ የእናቱ እጅ ነው። እናትየዋን አልወቅስም፤ ልጇ እንዳይቀርባት ብላ ነው። ነገር ግን ይህ ልጅ ዛሬ የ2ኛ ክፍል አካባቢ ሳይንስ ቢገለጥለት ምን ያነባል?

እናት፣ ከጉለሌ፦ ስለ መጽሐፉ ብቻ ስታወሩ ልጁን ረሳችሁት። የእኔ ትንሹ ትምህርት ባለው ቀን ጠዋት «ሆዴን» ይላል፤ ቅዳሜ ምንም አይለው። ስምንት ወር ከጉያዬ ሳይለይ ከርሞ፣ በር ላይ የሚቀበሉት ሰዎች ግማሽ ፊታቸው ተሸፍኗል፤ መምህሩን እንኳ በድምፁ ነው የለየው። መቆጣት አልጠቀመኝም። የጎረቤት ልጅ እየጠራችው አብረው መሄድ ሲጀምሩ ለቅሶው ቀነሰ። ትምህርት ቤቱ ደግሞ አንድ ሰው በር ላይ አቁሞ ሕፃናቱን በስማቸው ቢቀበል ምን ይከብደዋል?

አባት፣ ከሳሪስ፦ ለታናናሾቹ እሺ። የእኔ ልጅ ግን 7ኛ ክፍል ነው፤ በሚመጣው ዓመት የሚኒስትሪ ፈተና አለበት። እሱ ከጉያ የሚለይ ሕፃን አይደለም።

መምህርት፣ 2ኛ ክፍል፦ አይደለም፤ ግን ክፍልፋይ ካልገባው አልጀብራው ላይ ይወድቃል። ሁሉም ከመጀመሪያው ይከልስ አላልኩም። መጀመሪያ የት እንዳለ ይታይ ነው ያልኩት፤ ያወቀው ይቀጥል፣ የጎደለው ይሞላለት።

መምህር፣ ከደቡብ ጎንደር ገጠር፦ እኛ ከእናንተ ቀድመን ነው የጀመርነው፤ ገጠር ጥቅምት 9 ቀን ተከፍቷል። እኛ ዘንድ ቴሌግራም አልነበረም። የሬዲዮ ትምህርቱም ሬዲዮ የሌለው ቤት አልደረሰም። ስለዚህ የእኛ ጥያቄ ከክለሳ ይቀድማል፤ ልጁ መጥቷል ወይ? ስም ስጠራ «አቤት» የማይሉ አሉ። ወንዶቹ አጨዳ ላይ ናቸው። ከሴቶቹ መካከል በክረምት ተዳረች የተባለችም አለች። እየዞርን ወላጅ እየለመንን ነው። አጫጁ ልጅ ታኅሣሥ ላይ እህሉ ገብቶለት ሲመጣ ምዕራፍ ሦስት ላይ ከጠበቅነው፣ አንድ ሳምንት ደብተሩን ታቅፎ ተቀምጦ ይመለሳል። ያኔ ዳግመኛ አይመጣም። እባካችሁ «መጽሐፉ ይለቅ» የሚለውን ስትሉ እሱንም አስቡት።

አባት፣ ከሳሪስ፦ መምህር፣ ያሉት ከባድ ነው፤ የእርስዎን ተማሪዎች አስቤ አልተናገርኩም። ስለ እኛ ትምህርት ቤት ግን ሐሳቤን ሙሉ በሙሉ አልለወጥኩም። ልጆቹ ይመዘኑ፤ ውጤቱ ለወላጅ ይነገር፤ ክለሳው በየትኛው ቀን እንደሚያበቃም በጽሑፍ ይሰጠን። ማብቂያው ካልታወቀ ግን አልስማማም።

እናት፣ ከጉለሌ፦ በጽሑፍ የሚለው እኔም ያስማማኛል። በር ላይ የሚቀበለው ሰው ጉዳይም እዚያው ወረቀት ላይ ይግባልኝ።