የስልክ ባሮሜትርና የሐሪኬን ዐይን፦ ሳተላይት እያለ አውሮፕላን ለምን?

ጣርማበር፦
ሰላም ለሁላችሁ። ደብረ ብርሃን ላይ የስልክ ባሮሜትር 730 ሄክቶፓስካል አካባቢ ያነባል። በ2015 (ዓመቱ በፈረንጅ ነው) ሜክሲኮ አጠገብ የተነሳው ሐሪኬን (ብርቱ የባሕር አውሎ ነፋስ) ፓትሪሺያ 872 ሆኖ ሳለ «እጅግ ዝቅተኛ» ይባላል። ለተማሪ እንዴት ይብራራል? ሳተላይት ከላይ እያየስ አውሮፕላን መሃል ድረስ የሚገባው ለምንድን ነው?

አንኮበር፦
መምህር፣ 872 የባሕር ወለል ግፊት ነው፤ እዚያ የተለመደው 1013 ገደማ ነው። የደብረ ብርሃኑ የሚያንሰው ከተማዋ 2,800 ሜትር አካባቢ ላይ ስላለች ብቻ ነው። ተማሪዎቹን ሸዋ ሮቢት ወርደው እንዲያነቡ ያድርጓቸው፤ 1,300 ሜትር ገደማ ላይ 870 አካባቢ ያገኛሉ። ፓትሪሺያ የባሕሩን ወለል ግፊት እስከዚያ ድረስ አውርዳዋለች።

አውሮፕላኑ ኃይለኛ ሐሪኬን ውስጥ የሚበረው 3,000 ሜትር ገደማ ላይ ነው። ዐይኑ (ጸጥ ያለው መሃሉ) ጋ ሲደርስ ድሮፕሶንድ ይለቃል፤ በትንሽ ፓራሹት የሚወርድ፣ ግማሽ ኪሎ የማይሞላ ቱቦ ነው። ግፊት፣ ሙቀትና እርጥበት ይለካል፣ ነፋሱን በጂፒኤስ ያሰላል። 4 ደቂቃ ያህል በሬዲዮ እየላከ ወርዶ ባሕር ውስጥ ይቀራል። ስህተት የሚመጣው መሃሉን ስቶ ነፋስ ካለበት ሲያርፍ ነው፤ ያኔ ግፊቱ ከፍ ብሎ ይነበባል። ስለዚህ ለየ10 ኖት (የፍጥነት መለኪያ ነው) የወለል ነፋስ 1 ሄክቶፓስካል ይቀነሳል፦ 903 ከ30 ኖት ጋር ቢመጣ መሃሉ 900 ገደማ ነው።

ለነፋሱ ግን አንድ ሶንድ አይበቃም፤ የያዘው የአንድ አፍታ ውርጅብኝ ሊሆን ይችላል፣ ሐሪኬን ደግሞ የሚመደበው በአንድ ደቂቃ አማካይ ነው። አውሮፕላኑ ላይ ያለ የማይክሮዌቭ መለኪያ ነፋሱ ባሕሩ ላይ ከሚያስነሳው አረፋ ፍጥነቱን ይገምታል። ጥልቀት በሌለው ባሕር ላይ አይታመንም፤ ሞገዱ እዚያ በሌላ ምክንያትም ይሰበራል።

ሞላሌ፦
በሳተላይቱ ላይ ልጨምር። 35,786 ኪሎ ሜትር ላይ ያለው ሳተላይት በየደቂቃው ሊያነሳ ይችላል፣ የሚያየው ግን የደመናውን ጣሪያ ነው። ጥንካሬው ከደመናው ቅርጽና ከጣሪያው ቅዝቃዜ በድቮራክ ዘዴ ከ1 እስከ 8 ይገመታል። ግምት ነው እንጂ ልኬት አይደለም። ማይክሮዌቭ መለኪያ የያዙት ሳተላይቶች ደመናውን አልፈው የዝናቡን ቀለበት ያሳያሉ፤ ችግራቸው ዝቅ ብለው ስለሚዞሩ አንዱን ቦታ አልፈውት ከሄዱ ለሰዓታት አይመለሱም። ሐሪኬን ደግሞ በዚያ ክፍተት ይለወጣል። በጥቅምት 2023 ሐሪኬን ኦቲስ ከሳተላይቱ ግምት እጅግ እንደሚበረታ ያሳየው የገባው አውሮፕላን ነው፤ በማግስቱ ምድብ 5 (የመጨረሻው ከፍተኛ ምድብ) ሆኖ የሜክሲኮዋን አካፑልኮ መታ።

የእኛው ሰፈር ሕንድ ውቅያኖስ መደበኛ የአሰሳ በረራ የለውም። በኅዳር 2020 ሶማሊያን የመታው አውሎ ነፋስ ጋቲ ጥንካሬው የተገመተው ከሳተላይት ነው። ለዚህ ነው እዚህ ድቮራክን በደንብ ማስተማር የሚያስፈልገው።

ጣርማበር፦
እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ዝቅ ብሎ ቢበር የወለሉን ነፋስ በቀጥታ አያገኝም?

አንኮበር፦
ያገኛል፣ ግን በ1989 ሐሪኬን ሁጎ ውስጥ በ450 ሜትር ገደማ የገባው የምርምር አውሮፕላን ከአራት ሞተሮቹ አንዱ ጠፍቶበት ዐይኑ ውስጥ እየዞረ ከፍታ ካገኘ በኋላ ነው የወጣው። አሁን ከ3,000 ሜትር የተለካው ነፋስ በ0.9 ተባዝቶ የወለሉ ይገመታል፣ ሶንዱ ያርመዋል።