የጥድ አጥራችን ላይ ነጭ ጥጥ የመሰለ ነገር ወጣ፣ ቶሎ እርዱኝ

የደብረ ብርሃኗ፦
ሰላም ለሁላችሁ። የእናቴ ግቢ ዙሪያውን የፈረንጅ ጥድ ነው፣ አባቴ የተከለው። ዛሬ ጠዋት ስከረክመው እጄ ተጣበቀ። የቅርንጫፉ መጋጠሚያ ላይ ነጭ ጥጥ የመሰለ ነገር ተለጥፏል። ከሥሩ ያለው ቅጠል ጥላሸት የተቀባ ይመስላል። ጉንዳኑ ደግሞ ሽቅብ ቁልቁል ይላል። ሁለት ቦታ ላይ ቡናማ ሆኖ ደርቋል። ነገ የሚረጭ ሰው ቀጥሬያለሁ፣ ምን መድኃኒት ልግዛ?

ጓሮዬ፦
ፈሳሽ ሳሙና እህቴ። ለአንድ ሊትር ውሃ አንድ የሻይ ማንኪያ፣ ፀሐይ ስትበርድ እርጪው። መጀመሪያ አንድ ቅርንጫፍ ላይ ሞክሪው፣ ጥድ አንዳንዴ ሳሙና አይወድም።

አገሬው፦
ለምን ትደክሚያለሽ? ነቅለሽ የሐበሻ ጥድ ትከይ። የፈረንጁ ውሃውንም መሬቱንም ይጨርሳል ይላሉ።

የደብረ ብርሃኗ፦
አባቴ የተከለውን አልነቅልም። የጠየቅኩት ስለ መድኃኒቱ ነው።

ጋሼ ደን፦
ልጄ፣ መድኃኒት ከመግዛትሽ በፊት ማን እንደሆነ እወቂ። ጥድ ላይ የሚመጡት በዋናነት ሁለት ናቸው፣ ሰው ደግሞ ያምታታቸዋል። አንዷ ሚሊበግ ናት፣ ጥጥ የመሰለ ነጭ ሰም የምትለብስ፣ የዛፍ ጭማቂ የምትመጥ ትንሽ ነፍሳት። የብርቱካኗ ሚሊበግ የቅርብ ዘመድ የሆነችና ጥድ የምትመርጥ ዝርያ አለች፣ ፕላኖኮከስ ቮቬ ትባላለች፣ በሜድትራኒያን ዙሪያና በኢራን ትታወቃለች። ሴቷ ክንፍ የላትም፣ እንቁላሏን ያ ጥጥ ውስጥ ትጥላለች። ወንዱ ክንፍ ያወጣል ግን አይበላም፣ ጥቂት ቀን ኖሮ ይሞታል። ሌላዋ የጥድ ክሽክሽ ናት፣ እሷም ጭማቂ የምትመጥ ትንሽ ነፍሳት። እሷ እ.ኤ.አ. በ1986 ማላዊ፣ በ1990 ኬንያ ታየች፣ ኋላም ወደ እኛ ገባች። እዚህ አፍሪካ ወንድ አያስፈልጋትም፣ ሴቶቹ ብቻቸውን ልጅ ይወልዳሉ። ምራቋ ለዛፉ መርዝ ስለሆነ ቅርንጫፉ ቡናማ ሆኖ ይደርቃል። ለረጅም ጊዜ ሌላ የክሽክሽ ዝርያ ትመስላቸው ነበር፣ እ.ኤ.አ. በ1999 ግን ራሷን የቻለች ዝርያ ናት ተብሎ ሲናራ ኩፕረሲቮራ የሚል ስም ወጣላት። አገሬው፣ አንተም ስማ፤ የሐበሻ ጥዱንም አትምርም።

ጓሮዬ፦
ሳሙናው ለሁለቱም ይሠራል።

ሙሉ ጨረቃ፦
እኔ ጥጡን ሳይ የገና ዛፍ አስጌጣችሁ እንዴ ልል ነበር፣ ይቅርታ። ግን ቀላል መለያ አለ። ጥጡን በጥርስ ቡሩሽ ጥረጊው። ከሥሩ ለስላሳ፣ ሞላላ፣ ሮዝ ወይም ቢጫማ ሆኖ እግሩ የማይታይ ከሆነ ሚሊበግ ነው። ግራጫማ ቡናማ፣ እግረ ረጅም፣ ቀጭን ቅርንጫፍ ላይ ተደርድሮ ከሆነ ክሽክሽ። ጥቁሩ ለብቻው በሽታ አይደለም። ነፍሳቱ ከሚያወጡት ጣፋጭ ፈሳሽ ላይ የሚበቅል ሻጋታ ነው። ጉንዳኑም ለዚያ ፈሳሽ ብሎ ነው የሚጠብቃቸው፣ ስለዚህ መጀመሪያ የጉንዳኑን መንገድ ዝጊ። አንድ ነገር ደግሞ፤ ነጭ ጥጥ ለብሶ ከሌሎቹ ተለቅ ያለና ፈጠን ብሎ የሚሄድ ካየሽ እንዳትገድዪው! ሚሊበግ የሚበላ ጥንዚዛ እጭ ሊሆን ይችላል። ጠንካራ መድኃኒት ከረጨሽ ቀድሞ የሚያልቀው እሱ ነው።

የደብረ ብርሃኗ፦
አሁን ወጥቼ አየሁ። ጠረግኩት። ሮዝ ነው፣ ሞላላ፣ ዳር ዳሩ ላይ አጫጭር ነጭ ክሮች አሉት። እግር አላየሁም። አንዱ ጥጥ ውስጥ ብናኝ የሚያክሉ ቢጫ እንቁላሎች ነበሩ፣ እጄ ላይ ፈሰሱ። ለሚረጨው ሰው ደውዬ ቀጠሮውን ሰርዤያለሁ።

ሙሉ ጨረቃ፦
ጎበዝ። ሚሊበግ ነው። እንቁላሉን ሰሙ ስለሚከልለው አንድ ጊዜ ረጭተሽ አትተይው። በየሳምንቱ ድገሚ፣ በጣም የተጠቃውን ቅርንጫፍ ቆርጠሽ አቃጥዪ።

አገሬው፦
እሺ፣ አትንቀዪው። የአባት ነገር ነው። የሐበሻውን ከፈለግሽ ከጎኑ ትከይ።

ጋሼ ደን፦
ልጄ፣ የደረቁት ሁለት ቦታዎች ግን ያሳስቡኛል። እዚያም ያለው ሮዙ ነው? ወይስ ከውስጥ ባሉት ቀጫጭን ቅርንጫፎች ላይ ግራጫው ተደርድሯል? ሁለቱ አንድ ዛፍ ላይ ሊኖሩ ይችላሉ። በእጅ ባትሪ ወደ ውስጥ አብርተሽ እይና ንገሪን።

ጓሮዬ፦
ሳሙናውንስ አንድ ቅርንጫፍ ላይ ሞከርሽው? አላቃጠለውም?