የዕቅድ ውይይት፦ ጣናን ከታንኳ ሠሪዎች ጋር መጎብኘት

ሰብሳቢ፦ ጤና ይስጥልን ወገኖች። ለቱሪዝም ቢሮ የምናስገባውን የጋራ ሐሳብ ዛሬ መልክ እናስይዘው። መነሻው ይህ ነው፦ «ባሕር ዳር የሚመጣ እንግዳ በሞተር ጀልባ ወደ ዘጌና ወደ ደሴት ገዳማቱ ሲያልፍ ታንኳን ከሩቅ ፎቶ አንስቶ ይሄዳል። ማኅበራችን እንግዳው በሐይቁ ዳር ከሚኖሩት ከነገደ ወይጦ ዓሣ አስጋሪዎችና ታንኳ ሠሪዎች ጋር ግማሽ ቀን የሚውልበትን ጉብኝት ያዘጋጃል።» አስተያየታችሁን ጻፉ፤ የተስማማንበትን እያስገባሁ እሄዳለሁ።

አስጎብኚ፦ በጣም ደስ ብሎኛል። ጉብኝቱ ታንኳው ከሚሠራበት የሐይቅ ዳር ተክል፣ ከደንገሉ ይጀምር እላለሁ። እንግዳው ደንገል ሲታጨድ፣ ፀሐይ ላይ ሲደርቅ፣ እስር በእስር ተጠፍሮ አፍንጫው ወደ ላይ ሲቀና ይይ። ከፈቀዱለት አንድ እስር ራሱ ያጥብቅ። ታንኳ ውኃ እየጠጣ ስለሚከብድ ዕድሜው አጭር ነው፤ ሠሪው ደግሞ ደጋግሞ ይሠራል። ስለዚህ ለእንግዳ ተብሎ ትርኢት መደገስ አያስፈልግም፤ ሥራው በራሱ ጊዜ እየተሠራ ነው። ሰዓቱ ጠዋት ይሁን። ከሰዓት በኋላ ነፋስ ሲነሣ ሐይቁ ለታንኳ አይመችም።

የታንኳ ሠሪዎች ተወካይ፦ ጋሼ ሰብሳቢ፣ «ማኅበራችን ያዘጋጃል» የሚለው ይቀየርልን። ከአባቶቻችን የወረስነውን ሥራ የምናሳየው እኛ ነን፤ ማኅበሩ ያግዘን። በ1961 ዓ.ም ኖርዌያዊው አሳሽ ቶር ሄየርዳል «ራ» ብሎ ለሰየመው የደንገል መርከብ ደንገሉ የተጫነው ከጣና ነው። ደንገሉ ግብፅ ድረስ ከተወሰደ በኋላ መርከቡን የሠሩት ግን ከቻድ ሐይቅ የመጡ ባለሙያዎች ናቸው። ደንገላችን ዓለም ሲያውቀው እጃችን ሳይታወቅ ቀረ። ዛሬም እንዲያ እንዳይሆን ነው የምለው።

ሌላም አለ። አያቶቻችን ጉማሬ አዳኞች ነበሩ፤ ሥጋውን በመብላታቸው ሰው ማዕድ አብሯቸው ሳይቆርስ ኖሯል። ይህን ታሪክ አስጎብኚ ከጀልባ ላይ ሆኖ እንዲያወራው አንፈልግም። ሽማግሌዎቻችን መናገር ሲፈልጉ፣ በፈለጉት መጠን ይናገሩት።

ሰብሳቢ፦ እሺ እታለም፣ ሁለቱንም አስገብቻለሁ። «የነገደ ወይጦ ታንኳ ሠሪዎች ያስተናግዳሉ፤ ማኅበሩ ያግዛል» ሆኗል።

ዓሣ አስጋሪ አባል፦ ስለ ዓሣው ልናገር። ሐይቁ ላይ ሰው ቀረሶና አምባዛን ነው የሚያውቀው። ነጭ ዓሣ የምንለው ግን ብዙ ዓይነት አለው፤ አብዛኛው ከጣና ሌላ የትም የለም። በክረምት፣ ከሐምሌ እስከ ጥቅምት፣ ብዙዎቹ ለመራባት ወደ ጉማራ፣ ወደ ርብና ወደ ሌሎቹ ገባር ወንዞች ይወጣሉ። ወንዙ አፍ ላይ መረብ የዘረጋ ሰው እንቁላል የያዘችውን እናት ነው የሚይዝ። በ1970ዎቹ መጨረሻ የሞተር ጀልባና የናይለን መረብ ከገባ ወዲህ ነጭ ዓሣ እጅግ ቀንሷል። የዓሣ ሀብት ልማትና አጠቃቀም አዋጅ ቁጥር 315/1995 ወጥቷል፤ ውኃው ላይ የሚያስከብረው ግን ጥቂት ነው። እና በእነዚያ ወራት እንግዳ ወደ ወንዝ አፍ እንዳንወስድ ይጻፍ። በብርብራ ፍሬ ዓሣ ማስከርም የጥንት ዘዴ ነው፤ በቃል ይነገር እንጂ አይታይ።

የሞተር ጀልባ ባለቤት፦ በዚህ እስማማለሁ። ግን የእንግዳው ደኅንነትስ? ዓባይ ከሐይቁ በሚወጣበት በኩል ጉማሬ አለ። እንግዳ ታንኳ ላይ ከወጣ የሕይወት አድን ጃኬት ይልበስ፤ የእኔ ጀልባ ቅርብ ሆኖ ይጠብቅ። ለዚህ ክፍያ አልጠይቅም።

ገንዘብ ያዥ፦ እግዜር ይስጥልን ወንድሜ። ክፍያውን እንዲህ አስቤዋለሁ፦ ከእያንዳንዱ እንግዳ ክፍያ 70 በመቶው ለአስተናጋጁ ቤተሰብ በዕለቱ በእጁ ይሰጥ፣ 20 በመቶው ለመንደሩ የጋራ ሣጥን፣ ቀሪው ለማኅበሩ ወጪ። ሴቶቹ የሚሠሩት ቅርጫት ሲሸጥ ግን ማኅበሩ ምንም አይንካ። ምሳም እዚያው መንደር ይበላ፤ ከሐይቁ የወጣ ቀረሶ ተጠብሶ ሲቀርብ እንግዳው ሆቴል አያምረውም።

የታንኳ ሠሪዎች ተወካይ፦ ክፍያው መልካም ነው። ዋናውን ነገር ግን ማንም አላነሣውም። ደንገሉ ከየት ይመጣል? የሐይቁ ዳር በእርሻና በሆቴል እየተያዘ ማጨጃውም ታንኳ ማቆሚያውም ጠብቧል። ከ2004 ዓ.ም ገደማ ወዲህ ደግሞ ሐይቁን የወረረው አረም፣ እምቦጩ አለ። ልጄ ሙያውን ይማር ብል፣ ምን አጭዶ ይማራል? እንግዳ ብታመጡልን ደስ ይለናል፤ ደንገል ከሌለ ግን የምናሳየው የለንም።

አስጎብኚ፦ እውነቷን ነው። ጣና በ2007 ዓ.ም በዩኔስኮ የብዝኅ ሕይወት ቀጣና ሆኖ ተመዝግቧል። ሐሳባችንን በዚያ ላይ እናስደግፈው። ቢሮውን የምንጠይቀው ፖስተርና ድረ ገጽ አይሁን፤ ሠሪዎቹ የሚያጭዱበትና እንደገና የሚተክሉበት፣ ወሰኑ የተከለለ የሐይቅ ዳር መሬት ይሁን።

ዓሣ አስጋሪ አባል፦ እኔም እደግፋለሁ። ቀረሶም የሚራባው ዳር ዳሩን፣ ሣርና ደንገል ውስጥ ነው። ደንገሉ ከተጠበቀ ዓሣውም ይጠቀማል።

ሰብሳቢ፦ እንግዲህ የሐሳቡ ቅደም ተከተል ይገልበጥ። አንቀጽ 1 የደንገል መሬቱ፣ አንቀጽ 2 የአስተናጋጆቹ መብትና ክፍያ፣ አንቀጽ 3 የጉብኝቱ አካሄድ፣ አንቀጽ 4 በክረምት የማንገባባቸው ቦታዎች። የመሬቱ ጥያቄ ከተከለከለ ጉብኝቱን ብቻ ይዘን አንቀጥልም፤ ይህም በጽሑፉ ይግባ። እታለም፣ ረቂቁን ለሽማግሌዎቹ አንብቢልን። የሚቆረጠውን ይቁረጡ፣ የሚጨመረውን ይጨምሩ። የእነሱ መልስ ሳይመጣ ለቢሮው አናስገባም።

የታንኳ ሠሪዎች ተወካይ፦ ዓርብ ከጁምዓ በኋላ ይሰበሰባሉ፤ ያኔ አነብላቸዋለሁ። ጋሼ፣ ታትሞ ይሰጠኝ፤ ከስልክ ላይ ማንበብ አይመቸኝም።

ገንዘብ ያዥ፦ ነገ ጠዋት አሳትሜ ቤትሽ አደርሳለሁ።