ቮልስ 1300፦ ፑንቲና ከተቀየረ በኋላ ዳገት ላይ መድከም

ጠያቂ፦
ሰላም ለሁላችሁ። መኪናዋ የ1966 (እ.ኤ.አ.) ቮልስ ናት፤ ሞተሯ 1300፣ ባትሪዋ 6 ቮልት። ፑንቲናው (እየተከፈተ የካንዴላውን እሳት የሚያስነሳው መገናኛ) ከነኮንደንሰሩ ተቀይሮ ታይሚንጓ (እሳቱ የሚነሳበት ቅጽበት) ተስተካክሎ ነበር። ወር ሳይሞላ ዳገት ላይ መድከም ጀመረች፤ ማርሚታዋ ይተኩሳል፣ ሞተሩም ከወትሮው ይግላል። ካንዴላዎቹ ደህና ናቸው። ዲስትሪቢውተሩን (እሳት አከፋፋዩን) ትንሽ ላዙረው?

ቦቢና፦
ገና አትንካው! ምልክቶቹ እሳቱ እየዘገየ መሆኑን ነው የሚያሳዩት። የአዲስ ፑንቲና እግር ካሙ (ባለ ጉብታው የሚዞር ዘንግ) ላይ ስለሚሄድ ግሪስ ካላገኘ ቶሎ ይበላል። እግሩ ሲበላ ክፍተቱ ይጠባል፣ ፑንቲናው ዘግይቶ ይከፈታል፣ ታይሚንጉም አብሮ ይዘገያል። ስለዚህ መጀመሪያ ክፍተቱን፣ ቀጥሎ ታይሚንጉን። በተቃራኒው ከሄድክ ክፍተቱን ስትነካ ታይሚንጉ እንደገና ይበላሻል።

እግሩ የካሙ ጉብታ ጫፍ ላይ ሲቆም ክፍተቱ 0.4 ሚሊሜትር ይሁን። ብሎኑን ካጠበቅህ በኋላ ደግመህ ለካ፤ በካቻቢቴ ሲጠብቅ መንሸራተት ልማዱ ነው። ካሙ ላይ የስንዴ ፍሬ የምታክል ግሪስ ይበቃል፤ ከበዛ ተረጭቶ ፑንቲናውን ያቃጥለዋል።

ታይሚንጉን በቀዝቃዛ ሞተር ሥራው። ሮተሩ (ዲስትሪቢውተሩ ውስጥ የሚዞረው ጣት) ዲስትሪቢውተሩ ከንፈር ላይ ወዳለችው ጭረት (1ኛ ሲሊንደር) እስኪያይ ፑሌጃውን (ቺንጋው የሚዞርበትን መዘውር) በሰዓት አቅጣጫ አዙር። ኦሪጅናል ፑሌጃ ከሆነ ሁለት ጭረት አለው፤ የግራው 7.5 ዲግሪ፣ የቀኙ 10። የግራውን ከሞተሩ መጋጠሚያ መስመር ጋር አግጥም። የ6 ቮልት አምፖል አንዱን ሽቦ ቦቢናው (የእሳት መጠምጠሚያው) ቁጥር 1 ላይ፣ ሌላውን ቦዲ ላይ አድርገህ ቁልፉን ክፈት። የዲስትሪቢውተሩን ማነቂያ አላላና አምፖሉ እስኪጠፋ በሰዓት አቅጣጫ አዙረው፤ ከዚያ በጣም ቀስ ብለህ መልሰው። አምፖሉ ብልጭ ባለበት ቅጽበት አቁመህ አጥብቅ።

ዘይትና ብረት፦
ቦቢና ያለው ልክ ነው። እኔ የምጨምረው ቫኪዩሙን (በሞተሩ መሳብ እሳቱን የሚያስቀድመውን ክፍል) ነው። የዚያ ዘመን ዲስትሪቢውተር እሳቱን የሚያስቀድመው በቫኪዩም ብቻ ስለሆነ፣ ሜምብራኑ (ውስጡ ያለው ስስ ሽፋን) ከተቀደደ ጋዝ ስትሰጥ ምንም አይቀድምም። ቱቦውን ከካርቡሬተሩ ነቅለህ በአፍህ ሳብና በምላስህ ድፈነው፤ የፑንቲናው ሳህን ተንቀሳቅሶ እዚያው መቆየት አለበት። ወዲያው ከተመለሰ ተቀዷል።

በጆሮ ማስተካከል ግን ይቅርብህ፣ ወንድሜ። ሞተሩን በአየር የሚያቀዘቅዘው ፋን ድምፅ የሞተሩን ማንኳኳት ይሸፍነዋል፤ አብዝተህ ካስቀደምከው ፒስቶኑ ሲጎዳ አትሰማም።

ጠያቂ፦
ክፍተቱ 0.2 ሆኖ ተገኘ፣ ካሙም ደረቅ ነው። 0.4 ላይ መልሼዋለሁ። አንዱ ጉብታ ላይ 0.4፣ ሌላው ላይ 0.3 የሚያሳየው ለምንድን ነው?

ቦቢና፦
ሮተሩን አውጥተህ ዘንጉን ወደ ጎን ገፋ ገፋ አድርገው። ከተወዛወዘ ቡሹ (ዘንጉን የሚይዘው ቀለበት) ተበልቷል። ካልተወዛወዘ ካሙ ራሱ ነው የተበላው። ቡሹን ቶርኖ ቤት ያስገቡልሃል፤ ካሙ ከሆነ ግን ሙሉ ዲስትሪቢውተር ፈልግ።