የአያቴ ጥቁር ኮት በእርሳስ ስዕሉ ላይ ባዶ ነጭ ሆነብኝ

ባለደብተሯ፦
ሰላም ለዚህ ቤት። ለ3 ማታ ያስቸገረኝን ነገር ይዤ መጥቻለሁ። የአያቴን ፎቶ በእርሳስ የተሳለ አስመስዬ፣ ፍሬም ውስጥ አስገብቼ ለእናቴ ልሰጣት ነው ያሰብኩት። አያቴ ባርኔጣ አድርገው፣ ጥቁር ኮት ለብሰው፣ ነጭ ግድግዳ ፊት ቆመው የተነሱት ነው። የምሠራው ጊምፕ በሚባል የፎቶ ማስተካከያ ፕሮግራም ነው። ሁሉም የሚያሳየውን መንገድ ተከተልኩ፦ ፎቶውን ጥቁርና ነጭ አደረግሁ፣ ሌየሩን (ፎቶው ያለበትን ንብርብር) ኮፒ አድርጌ ኮፒውን ኢንቨርት አደረግሁ (ጥቁሩን ነጭ፣ ነጩን ጥቁር)፣ ሞዱን (ከሥሩ ካለው ጋር የሚዋሃድበትን መንገድ) ዶጅ፣ ማለትም የሚያነጣውን፣ ከዚያ በጋውሲያን ብለር 8 አደበዘዝኩት። መስመሩ ወጣ፣ ያምራልም። ግን ኮቱ! ያ ድቅድቅ ጥቁር ኮት ውስጡ ነጭ ሆኖ ጠርዙና አዝራሩ ብቻ ቀረ። የባርኔጣው ጥላ ደግሞ ግንባራቸው ላይ መስመር ሆኖ ጠባሳ መስሏል። አያቴ ጠባሳ አልነበረባቸውም። ብለሩን 40 ሳደርገው ኮቱ ጠቆር ይላል፣ ፊታቸው ግን ጭቃ ይሆናል። ምኑ ጋ ነው ያጠፋሁት?

ቶሎቶሎ፦
ምን አደከመሽ? አንዴ ነክተሽው የሚያወጡ የስልክ አፖች ሞልተዋል። 10 ሴኮንድ አይፈጅም።

ባለደብተሯ፦
ሞክሬዋለሁ። ጢማቸውን የዶሮ ላባ አስመስሎ ሰጠኝ። ላስተካክለው ብል ደግሞ ሁሉም አንድ ላይ ስለተለጠፈ ለብቻው የሚነካ ነገር የለም።

ላጲስ፦
የቶሎ ቶሎ ቤት ግድግዳው ሰንበሌጥ! (ወንድሜ፣ በስምህ ስለቀለድኩ ይቅርታ።)

እህቴ፣ ያጠፋሽው ነገር የለም፤ የዶጅ ሥራው ራሱ ይኸው ነው። ከኢንቨርቱና ከብለሩ ጋር ሲደመር ስሌቱ አንድ ነገር ነው፦ ፎቶው ለደበዘዘው ፎቶ ይካፈላል። ፕሮግራሙ እያንዳንዱን ነጥብ «ምን ያህል ጥቁር ነህ?» አይለውም፤ «ከጎረቤቶችህ ትጠቁራለህ ወይ?» ነው የሚለው። የኮቱ መሐል ላይ ያለ ነጥብ ጎረቤቱ ሁሉ እንደሱው ጥቁር ነው። 20 ለ20 ሲካፈል 1፣ 1 ማለት ደግሞ ነጭ ወረቀት። ኮቱ ግድግዳውን የሚነካበት ጋ ጎረቤቱ ስለሚነጣ እርሳሱ እዚያ ያርፋል። የግንባሩ ጥላም እንደዚሁ ድንበር ስላለው ተሰመረ፤ ማሽኑ ጥላን ከአፍንጫ አይለይም። ብለሩን 40 ስታደርጊው ጎረቤት የሚባለው ሰፋ፣ ያኔ ኮቱ ትንሽ አገኘ፣ ፊቱ ግን ከኮቱም ከባርኔጣውም ጋር መወዳደር ጀመረ። ጭቃው የመጣው ከዚያ ነው።

እኔ በእጄም ስስል መስመርና ጥላን አንድ ላይ አላወጣም። አንቺም ለያዪያቸው። 8ቱን ብለር መልሺና «ኒው ፍሮም ቪዝብል» ብለሽ የሚታየውን ሁሉ በአንድ የያዘ ጠፍጣፋ ኮፒ ከላይ አውጪ። ይህ መስመርሽ ነው። ጠባሳውን እዚሁ ላይ በነጭ ብራሽ፣ ኦፓሲቲውን (የቀለሙን ድፍንነት) 30 አድርገሽ፣ እየደጋገምሽ አደብዝዢው፤ አንዴ ብትጠርጊው ግንባሩ ላይ ቀዳዳ ይመስላል።

ጥላው ሌላ ሌየር ነው፣ ከመስመሩ በላይ። ከዶጁ ሥር ካስገባሽው ያነጣዋል፤ እኔ በዚህ ሙሉ ከሰዓት ተቃጥያለሁ። ሌየሩን ግራጫ ሙዪው፣ ቀለም የሌለው ኖይዝ (የነጠብጣብ ብናኝ) በብዛት በትኚበት፣ ወደ አንድ አቅጣጫ በሚያደበዝዘው ሞሽን ብለር 45 ዲግሪ ላይ 30 ፒክስል ሳቢው፣ በሌቭልስ ነጩንና ጥቁሩን አራርቂው። ሰያፍ የእርሳስ ጭረት ሆኖ ታዪዋለሽ። ሞዱን መልቲፕላይ (ከሥሩ ያለውን የሚያጠቁረውን) አድርጊና ማስክ ጨምሪለት፤ ማስኩ ውስጥ ጥቁርና ነጩን ፎቶ ኢንቨርት አድርገሽ ለጥፊ፣ ያልደበዘዘውን። ማስክ ላይ ነጭ ያሳያል፣ ጥቁር ይደብቃል። ስለዚህ ጭረቱ ኮቱ ላይ ይጠግባል፣ ጉንጩ ላይ ይሳሳል፣ ግድግዳው ላይ ይጠፋል።

ጠርዝ፦
ላጲስ ስለ ጥላው ልክ ነው፣ በመስመሩ ግን አልስማማም። ፊት ከሆነ ማጣሪያ አላምንም። ፎቶውን ኦፓሲቲ 30 ላይ አድርጌ፣ አዲስ ሌየር ከላይ ከፍቼ በእጄ ነው የምቀዳው። የሚያስፈልገው የዓይን ቆብ፣ የአፍንጫ ሥር፣ ከንፈር የሚዘጋበት መስመር ነው፤ ሌላው ትርፍ ነው። ደግሞስ ፎቶው በመልእክት ተልኮልሽ ነው ያገኘሽው? ከሆነ ዋናውን ፋይል አስልኪ። ጄፔግ የሚባለው የፎቶ ፋይል ዓይነት ፎቶውን 8 በ8 ፒክስል እየከፋፈለ ስለሚጨምቅ፣ ዶጅ እነዚያን ሳጥኖች ጠርዝ ናቸው ብሎ ይስልልሻል።

ባለደብተሯ፦
አዎ፣ በመልእክት ነው! ግድግዳው ላይ ጡብ የመሰለኝ እሱ ነዋ። አክስቴ ዋናውን ላከችልኝ፤ የበፊቱ ወርዱ 1000 ፒክስል ነበር፣ ይሄ 4000 ነው። ግን አሁን ብለር 8 ላይ መስመሩ ፀጉር አከለ።

ጠርዝ፦
ፎቶው 4 እጥፍ ሲሰፋ ብለሩም 4 እጥፍ ይሁን። 32 ሞክሪ። ሞሽን ብለሩንም አትርሺ።

ባለደብተሯ፦
ጋሽ ላጲስ፣ ኮቱ ኮት ሆነ! ተባረኩ። ጭረቱ ግን ፊታቸውም ላይ በዚያው አቅጣጫ ስለሄደ ዝናብ የሚዘንብባቸው መስለዋል።

ላጲስ፦
«ጋሽ» ያልሽኝ በጽሑፌ ነው በጉልበቴ? ለፊቱ ሁለተኛ የጭረት ሌየር ሥሪ፣ አጠር ያለና አንግሉ የጉንጩን ቁልቁለት የሚከተል፤ ከመጀመሪያው ማስክ ላይ ደግሞ ፊቱን በጥቁር ሸፍኚው። ዓይኖቹ ላይ ምንም ጭረት አይግባ።

ባለደብተሯ፦
ዝናቡ አባርቷል። የዓይናቸውን ቆብና ከንፈራቸውን ጠርዝ እንዳለው በእጄ ቀዳሁ፣ የቀረውን ለዶጁ ተውኩለት። አሁን አዝራር እየቆጠርኩ ነው፤ ፎቶው ላይ 4 ናቸው፣ ስዕሉ ላይ 3። አራተኛው ጥቁር ላይ ጥቁር ስለሆነ ለዶጁ አልታየውም። በእጄ ልተክለው ነው።