ለአደን ጠመንጃ መጀመሪያ ምን ይገዛ? መነጽር ወይስ ማንገቻ?

የአራት ኪሎው ልጅ፦

እንዴት ናችሁ ሰዎች። ጥያቄዬ ረዘም ስለሚል ታገሱኝ።

የምሠራው እንግዶችን አደን የሚያስወጣ ድርጅት ውስጥ ነው። እስካሁን ሥራዬ ካዛንቺስ ቢሮ ቁጭ ብሎ ወረቀት ማመላለስ ነበር። የአደን ፈቃድ፣ የመሣሪያ ማስገቢያ፣ ሆቴል፣ መኪና። ባለፈው ሳምንት አለቃዬ ጠራኝና «ኅዳር ላይ ረዳት ሆነህ ባሌ ትወጣለህ» አለኝ። ደስም አለኝ፣ ፈራሁም።

የምይዘው ጠመንጃ የድርጅቱ ነው፤ ፈቃድ ያለው። ሠላሳ ዜሮ ስድስት የሚሉት፣ በእጅ የሚቀባበል፣ ዕድሜው ከእኔ የሚበልጥ። ብረቱ ደህና ነው። ሌላው ነገሩ ግን ያሳዝናል። ማንገቻው የሆነ የናይለን ገመድ ነው፤ አሥር ደቂቃ ሳይሞላ ትከሻ ይቆርጣል። መወልወያ የለውም። ላዩ ላይ የማነጣጠሪያ መነጽር መግጠሚያ አለው፣ መነጽሩ ግን የት እንደገባ የሚያውቅ ጠፋ። ሻንጣውስ ስል ሳቁብኝ። በአሮጌ ብርድ ልብስ ተጠቅልሎ ነው መጋዘን ያለው።

ጥቅምት ላይ ጓደኛዬ ከዱባይ ይመጣል። «ምን ላምጣልህ?» ብሎኛል። ሦስት ሌሊት ዩቲዩብ ሳይ አድሬ አሁን ልቤ ከ6 እስከ 24 እጥፍ የሚያቀርብ መነጽር ላይ ወድቋል። ከዚያ ደግሞ ከፊት በኩል የሚታሰር ባለ ሁለት እግር ማስደገፊያ አየሁ። ሰደፍ ላይ የሚለበስ የጥይት መያዣም አማረኝ። ብሬ ግን ለሁሉም አይበቃም።

የቱ ይቅደም? ጫካ ወጥታችሁ የምታውቁ ብትመልሱልኝ ደስ ይለኛል። አደን ልክ ነው አይደለም ብሎ መከራከር የፈለገ ሌላ ቀን ቡና ልጋብዘው።

ናቲ፦

24 እጥፉን ውሰድ ብሮ። ይሄ ምን ጥያቄ አለው? ከሩቅ ካላየኸው ምኑን አደን ሆነ።

ጋሽ ዝናር፦

ልጄ፣ እንኳን ደስ አለህ። እኔ ኦዶ ቡሉና ሙኔሳ አካባቢ በአደን ካምፕ ከ20 ዓመት በላይ ኖሬያለሁ። አሁን ጉልበቴ ስላስቸገረኝ ፒያሳ ቡና እየጠጣሁ የወጣት ጥያቄ እመልሳለሁ።

24 እጥፉን ተወው። አንድ እንግዳ ነበረኝ። መነጽሩ ከጠመንጃው ይወደዳል። ሦስት ቀን ሙሉ ደጋ አጋዘን ስንከተል ቆየን፤ ያ አሥር ሳንቲም ላይ የምታውቀው ቀንዳሙ። በአራተኛው ቀን ንጋት ላይ አስታ በሚሉት የደጋ ቁጥቋጦ ውስጥ ድንገት ፊታችን ቆመ። አርባ እርምጃ ቢሆን ነው። ጆሮው ሲንቀሳቀስ አያለሁ። ሰውዬው ጠመንጃውን አነሣ። ዝም። እኔ ትንፋሼን ውጫለሁ። አሁንም ዝም። ከዚያ በሹክሹክታ «ጠጉር ብቻ ነው የሚታየኝ፣ የቱ ጋ እንደሆነ አላወቅኩም» አይለኝም! ለካ ማታ ሩቅ ሲቃኝበት 24 ላይ አድርጎት እዚያው ረስቶታል። ወደ ታች እስኪያዞረው አጋዘኑ አስታውን ገፋ አድርጎ ሄደ። ሰውዬው እስከ ምሳ ድረስ ማንንም አላናገረም።

ሌላም ነገር አለ። አደን ያለው ጎሕ ሲቀድና ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ነው። የመነጽሩን የፊት መስተዋት ስፋት በማቅረቢያው ቁጥር አካፍለው፤ የሚመጣው ወደ ዓይንህ የሚደርሰው የብርሃን ክብ ስፋት ነው። 42 ሚሊ ሜትር ለ6 ሲካፈል 7 ይመጣል። የሰው ዓይን ብሌንም በጨለማ ቢከፈት ቢከፈት ከ7 ሚሊ ሜትር ብዙም አያልፍ፤ በእኔ ዕድሜማ ያንንም አይደርስ። አሁን የ24 እጥፉ የፊት መስተዋት 50 ሚሊ ሜትር ነው እንበልና ለ24 አካፍለው። 2 ሚሊ ሜትር ከምናምን። ንጋት ላይ የምታየው እንግዲህ በዚያች ቀዳዳ ነው። 6 እጥፍ፣ ወይም ቢበዛ ከ3 እስከ 9 ይበቃሃል። ጠመንጃው ሲተኮስ ወደ ኋላ ስለሚረግጥ ዓይንህና መነጽሩ መካከል ደግሞ 9 ሳንቲ ያህል ክፍተት ይኑር። ቅንድቤ ላይ ያለችው ጠባሳ የዚህ ትምህርት ክፍያ ናት።

ገንዘብ ማውጣት ካለብህ መግጠሚያው ላይ አውጣ። ከአዲስ አበባ ጎባ ከ400 ኪሎ ሜትር በላይ ነው፤ ከዚያ በኋላ ያለው መንገድ የመኪናውንም የጠመንጃውንም ብሎን ያላላል። ስትደርስ ካቻቢቴህን አውጥተህ አንድ በአንድ ፈትሽ። ከዚያ በተፈቀደው ቦታ በ100 ሜትር ወረቀት ላይ ሦስት ጥይት ሳትሞክር ጫካ አትግባ። ብዙዎቹ መነጽሮች ላይ የማስተካከያውን ቁልፍ ስታዞር የምትሰማት አንዲት «ቀጭ» ጥይቱ የሚያርፍበትን ቦታ በዚያ ርቀት 7 ሚሊ ሜትር ገደማ ታዛውርልሃለች።

ይህን ሁሉ ያልኩት ስለ መነጽር ስለጠየቅከኝ ነው። መጀመሪያ የምትገዛው ግን ማንገቻ ነው። ጠመንጃውን በቀን አሥር ሰዓት ትሸከመዋለህ። ምናልባት አንዴ ትተኩሳለህ። ብዙውን ቀን እሷንም አትተኩስ። ወፍራም ቆዳ ይሁን፣ ሁለት ሦስት ጣት የሚሰፋ፣ ሸካራው ፊት ወደ ትከሻህ፤ ለስላሳው ካፖርት ላይ ሲንሸራተት ይውላል። ዘለበቱ እንዳይንቃጨል ናስትሮ ጠቅልልበት። እኔ ይህን ያወቅኩት አንድ ቀን ከኋላዬ ቂል ቂል የሚል ድምፅ ሰምቼ የበግ ቃጭል መስሎኝ ስዞር የራሴ ትከሻ ሆኖ ነው።

ባለ ሁለት እግሩን አትግዛ። እዚያ መሬት ላይ ከተኛህ የምታየው ሣር ብቻ ነው፤ አስታው ደረት ይደርሳል። ቁመትህን የሚያህሉ ሦስት ቀጫጭን የባሕር ዛፍ እንጨቶች ፈልግ። ከአናታቸው አንድ ስንዝር ዝቅ ብለህ በከመነዳሪ ቁራጭ እሰራቸው። ከመነዳሪውን ማንኛውም ጎሚስታ በነጻ ይሰጥሃል። ስትዘረጋቸው ቆመህ የምትደገፍበት ሦስት እግር፣ ስትሰበስባቸው ምርኩዝ። ዳገቱ ላይ ትመርቀኛለህ።

የሰደፉን ጥይት መያዣ ተወው። ጉንጭህን የምታሳርፍበትን ቦታ ያበላሽብሃል። ወገብህ ላይ ትንሽ ዝናር ይበቃል።

የአራት ኪሎው ልጅ፦

ጋሼ እግዜር ይስጥልኝ። ናቲ፣ ይቅርታ ብሮ፣ ተሸንፈሃል።

ጋሼ ስለ ጽዳቱና ስለ ብርዱስ ምን ይሉኛል? እኔ የማውቀው ብርድ የአራት ኪሎን የጠዋት ብርድ ነው። ደግሞ ሾፌራችን «ዝናብ እንዳይገባ አፈሙዙን በናስትሮ ሸፍነው» አለኝ። ሲተኮስ አይፈነዳም?

ጋሽ ዝናር፦

ሾፌራችሁ የዋዛ አይደለም። አንድ ዙር ስስ ናስትሮ ከሆነ ችግር የለውም፤ ጥይቱ ሳይደርስ ከፊቱ የሚገፋው አየር ይቀደዋል። ጨርቅ ከወተፍክበት ግን፣ ወይም ወድቀህ ጭቃ ከገባበት፣ ሳታጸዳ በፍጹም እንዳትተኩስ። ያኔ እውነትም ብረቱ ሊፈነዳ ይችላል።

ብርዱን በተመለከተ፣ ኅዳር ላይ ጠዋት ሣሩ ነጭ ሆኖ ነው የምታገኘው። ከውርጭ የገባ ጠመንጃ እሳት ዳር ስታቀርበው ያልበዋል። ቀዝቃዛ የቢራ ጠርሙስ ጠረጴዛ ላይ ሲያልበው አይተህ የለ? እንደዚያ ነው። ላቡ መነጽሩን ያጨልማል፣ ብረቱ ውስጥ ገብቶም ያዝገዋል። ስለዚህ ጥይቱን አውጥተህ፣ ከእሳት አርቀህ፣ ቀዝቃዛና ቁልፍ ያለው ቦታ አሳድረው። አንተ እሳት ሙቅ፣ እሱ ይቅርበት።

የሞተር ዘይት እንዳትቀባው። በውርጭ ይወፍርና መምቻውን ያሰንፈዋል። የስፌት መኪና ዘይት ሁለት ጠብታ ይበቃል። ከመተኮስህ በፊት ውስጡን በደረቅ የካናቴራ ቁራጭ አድርቀው፤ ዘይት ከቀረበት የመጀመሪያዋ ጥይት ከቦታዋ ፈቀቅ ልትል ትችላለች። የመወልወያው ዘንግ አንድ ወጥ ይሁን። ተገጣጣሚው መጋጠሚያው ላይ ውስጡን ይቧጭራል። ጥይት ከሚጎርስበት በኩል አስገባው እንጂ ከአፈሙዝ በኩል አይደለም። ጓደኛህ አንድ ነገር ካመጣ እሱን ያምጣልህ።

ብርድ ልብሱንም አትናቀው። ስፖንጅ ያለው ሻንጣ ለመንገድ ጥሩ ነው። የረጠበ ጠመንጃ ስታሳድርበት ግን ስፖንጁ ውሃውን ይዞ ይቆይና ስትከፍተው ዝገት ይጠብቅሃል። ደረቅ ብርድ ልብስ ከእርጥብ ሻንጣ ይሻላል።

ወስፌ፦

ማንገቻ ከተነሣ እኔም ልግባ። መርካቶ ቀበቶና ቦርሳ እሠራለሁ። ለማንገቻ የበሬ የጀርባ ቆዳ ጠይቅ። የሆድ ቆዳ ርካሽ ነው፤ በሁለት ወር ተለጥጦ ጠመንጃህ ቂጥህን ይመታሃል። ዘለበቱ ነሐስ ይሁን። ችንካር የተመታበትን አትቀበል፣ ሰደፍ ይጭራል። በሰም በተነካ ክር ነው የሚሰፋው።

ደግሞ አንዳንዱ «የቆዳ አፎት ሥራልኝ» ይለኛል። እሠራለሁ፤ ገንዘብ አይጠላም። ግን ለወራት እዚያ ውስጥ እንዳታስቀምጠው። ቆዳ ሲለፋ የሚገባበት ጨውና ኬሚካል እርጥበት ካገኘ ብረት ይበላል።

ልኩን በሲባጎ ውሰድ። ከፊት ቀለበት እስከ ኋላ ቀለበት፣ ካፖርት ለብሰህ በትከሻህ ላይ አሳልፈህ። የቀለበቱን የውስጥ ስፋትም ለካ። ጠመንጃውን ይዘህ እንዳትመጣ አደራ! አንዱ በጋቢ ጠቅልሎ አምጥቶ ባንኮኒዬ ላይ ሲፈታው ደንበኞቼ በሩን ተሻምተው ወጡ።

ወረቀት ይቅደም፦

የወረቀት ሰው ሆነህ ወረቀቱን ረሳኸው? የጦር መሣሪያ አስተዳደርና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 1177/2012 ከወጣ ስንት ጊዜው ነው። ጠመንጃው ፈቃድ አለው ማለት ላዩ ላይ የሚገጠመው ሁሉ በሰው ሻንጣ ይገባል ማለት አይደለም። መነጽሩን ጓደኛህ ከመግዛቱ በፊት በድርጅትህ ስም ጠይቁ፣ መልሱንም በጽሑፍ ያዙ። እኔ ለወፍ ማያ የገዛሁትን አቅራቢ መነጽር ከውጭ ስገባ አስቀርተውብኝ ሁለት ወር ተመላልሻለሁ። ያውም አንገት ላይ የሚንጠለጠል።

ናቲ፦

እሺ ተሸንፌያለሁ። ግን 24 እጥፍ ጨረቃን ለማየት አሪፍ ነው።

የአራት ኪሎው ልጅ፦

ዛሬ አለቃዬን አነጋገርኩት። መነጽሩን ድርጅቱ በራሱ ወረቀት ይጠይቃል፤ «ከ3 እስከ 9፣ መግጠሚያው ጠንካራ» ብዬ ጽፌ ሰጠሁት። ጓደኛዬ ዘንጉን ብቻ ያመጣል። ቅር ብሎታል፣ ትልቅ ነገር ላመጣ ነው ብሎ ለሰው አውርቶ ነበር።

ከሥራ በኋላ መጋዘን ገብቼ ካፖርቴን እንደለበስኩ ጠመንጃውን በሲባጎ ለካሁት። ዘበኛው ቆሞ ሲያየኝ ቆየና «ሱሪ ልታሰፋለት ነው?» አለኝ። የቀለበቱ ውስጥ 2 ሳንቲ ተኩል ነው። ወስፌ፣ ቅዳሜ ከሰዓት ትኖራለህ?

ወስፌ፦

እስከ 11 ሰዓት አለሁ። ሲባጎውን ልኩ ላይ ቋጥረው። ኪስ ውስጥ ሲጠቀለል ሰው የቱ ጋ እንደያዘው ይረሳል።